ደራሲው በመምህር ወንበር ላይ

ድርሰትን ማስተማር ይቻላልን? ቢቻልስ ማን ያስተምረው? ይህ ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሳይነሣ አይቀርም። አንደኛው ወገን «ደራሲነት ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወለዱት ስጦታ ነው፤ ስጦታን ደግሞ ማንም አያስተምርም» ሲል ይከራከራል። ሁለተኛው ወገን «ማንኛውም ጥበብ በትምህርት ይገኛል፤ ስለዚህ መጻሕፍቱን ያነበበ፥ ሕግጋቱን ያጠና ምሁር ሁሉ ሊያስተምረው ይችላል» ይላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንደግፈው ከሁለቱ አንዱንም አይደለም። ድርሰት ይማሩታል፤ ዳሩ ግን በሚገባ የሚማሩት የሚያስተምረው ሰው ራሱ የሚደርስ ሲሆን ነው እንላለን። ይህንንም መጻሕፍት አሳትመው በከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን ያስተማሩ ደራስያንን ሥራ በመመርመር ልናስረዳ እንሞክራለን።

ነገሩ የክርክር ማሟሟቂያ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት የመጀመሪያ ታሪኩን ወይም የመጀመሪያ ግጥሙን ይዞ ወደ መምህሩ ሲቀርብ የሚያገኘው መልስ፥ ብዙ ጊዜ ብዕሩን ይዞ መቀጠሉን ወይም መጣሉን ይወስናል። መምህሩ የድርሰትን ክፍሎች ስም ብቻ የሚያውቅ እንደ ሆነ፥ ወጣቱም ስም ተምሮ ይወጣል። «ጭብጥ» ምን እንደ ሆነ በፈተና ወረቀት ላይ ይተነትናል፤ ግን አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ በአማርኛ ጽፎ ማሳየት ያቅተዋል። ይህ ለአንድ ተማሪ ጉዳት ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ የቋንቋው ጉዳት ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ልናስተውለው የሚገባን ነገር፥ አገራችን ለዚህ ጥያቄ ጥንታዊ መልስ ያላት መሆኑን ነው። የቅኔ ቤት ምንድን ነው? የፈጠራ ድርሰት ትምህርት ቤት ነው። ዋድላም ሆነ ጎንጅ ወይም ዋሸራ የወረደ ተማሪ ግስና አገባብ ይማራል፤ ነገር ግን ግስና አገባብ አጥንቶ ብቻ «ቅኔ ዐዋቂ ነኝ» ቢል ይሣቅበታል። በሁለት ቤት ከሚቆመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው ራሱ መቁጠር አለበት። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማበትን፥ ዜማው የተሰበረበትን፥ ቃሉ ያለቦታው የገባበትን በዚያው ያርመዋል። ከዚያም መምህሩ በተራው የራሱን ቅኔ ለጉባኤው ይዘርፋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ መምህሩ ራሱ ደራሲ ነው፤ ትናንት ያደነቁትን ቅኔውን ዛሬ ደግሞ የሚያስተምርበት ሰው አይደለም፤ ዛሬም አዲስ ይጠበቅበታል። ሁለተኛ፥ እርማቱ በጓደኞች ፊት ስለሚሰጥ የአንዱ ስሕተት ለሁሉ ትምህርት ይሆናል። ሦስተኛ፥ የሌላውን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ስለዚህ ተማሪው የመምህሩን መንገድ እንጂ የመምህሩን ቃል አይወስድም። በጎጃም ጽላሎ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው ስለ ቅኔ በማስረዳታቸው ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው ባለቅኔ ስለ ነበሩና የባለቅኔ መምህራን ስለ ሆኑ ነው።

የቅኔ ቤት ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ የቤቱ ብዛትና የዜማው ልክ አስቀድሞ የተቈረጠ ነው፤ ተማሪዎቹ ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ብቻ ነበሩ። ልብ ወለድና ተውኔት ለመጻፍ የሚፈልግ የዛሬ ተማሪ እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ነገር ግን መሠረቱ፥ ማለት የሚያስተምረው የሚሠራው ነው የሚለው መሠረት፥ ወደ ዘመናዊው ኮሌጅ ሲሻገር መንገድ ላይ መቅረት ያልነበረበት ነው።

ይህ መሠረት በሌሎቹ ጥበባት ዘንድ አልቀረም። በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ያቋቋሙትና የመሩት አቶ አለ ፈለገ ሰላም ሠዓሊ ነበሩ። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩት አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሠዓሊም ባለቅኔም ነበሩ። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው የሥዕል መምህር ይሁን ቢባል፥ ክራር ያልነካ ሰው የክራር መምህር ይሁን ቢባል፥ ሁላችንም እንስቅ ነበር። ወደ ድርሰት ስንመጣ ግን አንድም ታሪክ ጽፎ የማያውቅ ሰው የታሪክ አጻጻፍ ሲያስተምር ማንም አይደነቅም። ምክንያቱ፥ እንደሚመስለን፥ ሁላችንም ፊደል ስለ ቈጠርን መጻፍ ሁሉ አንድ ሆኖ ስለሚታየን ነው።

አሁን ወደ ደራስያኑ እንመለስ። መጀመሪያ የምናነሣቸው አቶ ዳኛቸው ወርቁ ናቸው። አቶ ዳኛቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል፤ በአሜሪካም አይዋ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ድርሰት ተምረዋል። የአይዋው የደራስያን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተ ሲሆን፥ የአሠራሩ ዋና ነገር ተማሪው የጻፈውን ለጓደኞቹና ለመምህሩ አቅርቦ መተቸቱ ነው፤ መምህራኑም ራሳቸው ያሳተሙ ደራስያን ናቸው። አንባቢ ይህን ከላይ ካልነው ከቅኔው ጉባኤ ጋር ቢያስተያየው፥ ሁለቱ የማይተዋወቁ ትምህርት ቤቶች አንድ መንገድ ማግኘታቸውን ይረዳል።

የአቶ ዳኛቸው «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ታሪኩ በደብረ ሲና አካባቢ የሚፈጸም ሲሆን፥ ከከተማ ትምህርቱን ይዞ የመጣው ወጣት አደፍርስ ከወይዘሮ አሰጋሽ፥ ከጺወኔ፥ ከአባ አዲሴና ከሌሎቹ ጋር የሚያደርገው ክርክር መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። የብዙ አንባቢ ቅሬታ «አይገባም፤ ይከብዳል» የሚል ነው። ቅሬታው ባዶ አይደለም። ታሪኩ በአንድ ተራኪ አፍ በቀጥታ አይወርድም፤ ተረቱ፥ ምሳሌው፥ የመንደሩ ወሬ፥ የቤተ ክህነቱ ንግግርና የተማሪው አነጋገር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንባቢው ራሱ ማገጣጠም አለበት። እኛ ግን ይህን እንደ ጥፋት አንቈጥረውም። የመጽሐፉ ነገር የአሮጌውና የአዲሱ አለመግባባት ነውና፥ ሁሉም እኩል ተግባብቶ የሚናገርበት ለስላሳ ትረካ ቢሆን ኖሮ ቅርጹ ይዘቱን ይክደው ነበር። ነቀፌታችን ሌላ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ አደፍርስ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሐሳብ ብቻ ይሆናል፤ ሲናገር እንሰማዋለን፤ ሲርበው፥ ሲያፍር ወይም ሲደክመው ግን እምብዛም አናየውም። የመምህር ድምፅ በደራሲው ላይ የሠለጠነው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ይህን ጉድለት አርሞ ይገኛል። ጎይቶምና ወይኒቱ የታመሙትን ፊታውራሪ ወልዱን ይዘው ወደ ዝቋላ አቦ ሲወጡ፥ ክርክሩ በመንገዱ፥ በተራራው ብርድና በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይታያል። አሮጌው ዘመን በንግግር አይነቀፍም፤ በቃሬዛ ተሸክመው ሽቅብ ይወጡታል። ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው የተደረገው ይህ እርምጃ ለድርሰት ተማሪ ከማናቸውም የሕግ ዝርዝር የበለጠ ትምህርት ነው።

አቶ ዳኛቸው ኋላ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተሰኘ መጽሐፍ ለአማርኛ ጸሐፊ አበርክተዋል። መመሪያ የጋራውን መንገድ ያሳያል፤ ልብ ወለድ ግን የደራሲውን የብቻ መንገድ ነው። «አደፍርስን» የጻፈ ሰው መመሪያ ሲጽፍ፥ ሕጉን የሚያውቀው ሕጉን አውቆ የተላለፈ ሰው መሆኑን አንባቢው ያውቃል። ስለዚህ መመሪያውን ያለ ልብ ወለዱ የሚያስተምር ክፍል የአቶ ዳኛቸውን እኩሌታ ብቻ ያስተምራል እንላለን።

ሁለተኛው አቶ ደበበ ሰይፉ ናቸው። አቶ ደበበ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ያስተማሩ ባለቅኔ ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. ያሳተሙት የማስተማሪያ መጽሐፍ ርእሱ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» ይባላል። የርእሱን ሁለተኛ አጋማሽ ልብ ይሏል። ከተመልካቹ አንጻር አላሉም፤ ከሐያሲውም አንጻር አላሉም። ነገሩን በሠሪው በኩል ቆመው ነው የሚያዩት። ተመልካች «መጋረጃው ሲዘጋ አለቀስሁ» ይላል፤ ሐያሲ ያስለቀሰውን ነገር ስም ይሰጠዋል፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ግን ያ እንባ በሦስተኛው ትዕይንት እንዲመጣ በአንደኛው ትዕይንት ምን ማስቀመጥ እንዳለበት መጠየቅ አለበት። የድርሰት ትምህርት ማለት ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ መልመድ ነው።

ዛሬ በየመማሪያ ክፍሉ የምንናገርባቸውን የሥነ ጽሑፍ ቃላት በማስለመድ ረገድም የአቶ ደበበ ስም ይነሣል። «መቼት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «መቼ»ንና «የት»ን አጋብቶ አንድ ቃል ማውጣት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ አይመስልም፤ የቃልን ድምፅና ክብደት በጆሮው የሚለካ የባለቅኔ ሥራ ይመስላል። ቃሉ በተማሪው አፍ ሳይጐረብጥ የገባው ስለዚህ ነው። የሚያሳዝነው ግን፥ ለሚሠሩ እጆች የተዘጋጁት እነዚህ መሣሪያዎች በፈተና ላይ የሚሸመደዱ ስሞች ሆነው መቅረታቸው ነው። መዶሻ ምን እንደ ሆነ ትርጉሙን አጥንቶ ምስማር ሳይመታ የተመረቀ አናጢ ይታያችሁ!

የአቶ ደበበ ግጥሞች «የብርሃን ፍቅር» በሚል ርእስ በ1980 ዓ.ም. ታተሙ፤ «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ደግሞ እርሳቸው ባረፉበት በ1992 ዓ.ም. ወጣ። በሁለቱ መድበሎች መካከል ዐሥራ ሁለት ዓመት አለ። የዘገየበትን ምክንያት ሁሉ በማስተማር ላይ መጣል አግባብ አይደለም፤ ነገር ግን የተማሪን ግጥም ማረም የራስን ግጥም ከሚጽፉበት ጉልበት ላይ የሚወሰድ መሆኑን ማንም አይክድም። መቶ ወረቀት ያረመ መምህር ማታ ወደ ራሱ ወረቀት የሚመለሰው በደከመ ጆሮ ነው። ደራሲን ለማስተማር የሚቀጥር ኮሌጅ ይህን ዕዳ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው አቶ መንግሥቱ ለማ፥ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው። አባትየው የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ ልጅየው የአባታቸውን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብለው አሳተሙት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የጥንቱ ተማሪ እንዴት እየራበው ቅኔ እንደሚቈጥር፥ ከመምህር ወደ መምህር እንዴት እንደሚዞር ሕያው ሆኖ ይገኛል። አቶ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ምርምር ጻፉ፤ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ለመድረክ አበቁ፤ በዩኒቨርሲቲውም ተውኔት አስተማሩ። ከቅኔ ቤት ወደ ኮሌጅ ድልድይ የለም የሚል ሰው ቢኖር አቶ መንግሥቱን እናሳየዋለን። መመራመሩም፥ መድረሱም፥ ማስተማሩም በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «በኮሌጅ ታሪካችን እጅግ የታወቁት የተማሪ ግጥሞች ከክፍል ትምህርት አልወጡም» ይባላል። እውነት ነው። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም.፥ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» በ1959 ዓ.ም. የተሰሙት በኮሌጁ የግጥም ውድድር እንጂ በመምህር ትእዛዝ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው መምህርና ባለቅኔ የአቶ ዮሐንስ አድማሱ ግጥሞችም ቢሆኑ «እስኪ ተጠየቁ» ተብለው በመጽሐፍ የወጡት ከሞታቸው ብዙ ዓመት በኋላ በ1990 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ክፍሉ ምን ይጠቅማል?

መልሳችን እንዲህ ነው። እነዚያ ግጥሞች ያለ ትምህርት ቤት አልተወለዱም፤ የተወለዱበት ትምህርት ቤት አዳራሹ ነበር። የሚሰማ ጉባኤ ነበራቸው፤ የሚወዳደር ጓደኛ ነበራቸው፤ ያልሰመረ ቤት ሲነበብ ዝም የሚል፥ የሰመረ ሲነበብ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ነበራቸው። ይህ ሁሉ የቅኔው ጉባኤ ባሕርይ ነው። ክፍሉ ይህን ሲያጣ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ተቃውሞው የሚያስረዳው ድርሰት ትምህርት የማይሻ መሆኑን አይደለም፤ ጉባኤ የሌለው ክፍል ለድርሰት የማይበቃ መሆኑን ነው።

ሌሎች አደጋዎችም አሉ፤ ልንሸፋፍናቸው አንወድም። ስመ ጥር ደራሲ ሲያስተምር ተማሪዎቹ እርሱን መምሰል ይጀምራሉ፤ አረፍተ ነገራቸው የእርሱን ኮት ለብሶ ይወጣል። ደግሞም ጥሩ ደራሲ ሁሉ ጥሩ መምህር አይደለም፤ የሚያውቀውን ማስረዳት የማይችል፥ ወይም ከራሱ ስልት ውጭ ያለውን ሁሉ የሚንቅ ይኖራል። ከሁሉ የሚከብደው የነጥብ ጉዳይ ነው። እናቱን ስለ መቅበሩ ለጻፈ ተማሪ «ሰባ ከመቶ» ማለት ምን ማለት ነው? እንደ እኛ አስተያየት ነጥቡ ለኀዘኑ ሊሰጥ አይገባም፤ ከመጀመሪያው ጽሕፈት እስከ መጨረሻው ለተደረገው እርማት ይሰጥ። ተማሪው ምን እንደ ሰረዘና ለምን እንደ ሰረዘ ሊናገር ከቻለ ተምሯል።

የምሁር መምህርና የደራሲ መምህር ልዩነት በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንጨምር። በከተማችን በስተ ደቡብ የምትገኘውን ጎፋን ለመግለጽ አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፤ «ጎፋ ሰው የበዛባትና መንገዷ የተጨናነቀ ሠፈር ናት።» ምሁሩ መምህር «መቼቱ ጎፋ ነው፤ ጭብጡ የከተማ ኑሮ ነው» ብሎ ያልፋል፤ አልተሳሳተምም። ደራሲው መምህር ግን ይጠይቃል፤ «ማን ነው የሚያየው? ሰዓቱ ስንት ነው? ጎፋ ማዞሪያ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው በእጁ ምን ይዟል? ረዳቱ ሲጣራ ድምፁ ሰልሏል ወይስ ገና ጧት ነው? ከጎፋ ገብርኤል የሚሰማው ቅዳሴ ነው ወይስ ፍትሐት?» ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት ይዞ ሲመለስ፥ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ባዶ የውሃ ጀሪካን ይዛ ከደረጃው አፋፍ የምትጠብቅ ሴት አለችው። ስለ መጨናነቅ አንድ ቃል አላለም፤ ነገር ግን አንባቢው መጨናነቁን በትከሻው ያውቀዋል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መምህሩ ራሱ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ «ምን ይዛለች?» ብሎ የተጨነቀ ሰው መሆን አለበት።

ምሳሌውን ከጎፋ መውሰዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጀማሪ «ድርሰት የሚገኘው ከሩቅ ነው» ብሎ ስለሚያስብ፥ አይቶት የማያውቀውን የባሕር ዳርቻ ይገልጻል፤ ሰምቶት የማያውቀውን አነጋገር ይጽፋል። አቶ ዳኛቸው ደብረ ሲናንና ዝቋላን ይዘው ነው የጻፉት። የጎፋ ልጅም ጎፋን ይዞ ይነሣ።

እንግዲህ ከላይ ከዘረዘርነው ተነሥተን የምናሳስበው የሚከተለውን ነው። የፈጠራ ድርሰት የሚሰጥበት ኮሌጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ ያሳተመ ደራሲ በመምህርነት ይኑረው፤ የሚቀጠርበትም መለኪያ የትምህርት ማዕረጉ ብቻ ሳይሆን መጻሕፍቱም ይሁኑ። ለዘለቄታው መቅጠር ካልተቻለ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይጋበዝ። የሚያርመው ተማሪ ቍጥር ይወሰን፤ የራሱን ሥራ የሚጽፍበት ቀን ይተውለት፤ የማይጽፍ ደራሲ ቶሎ ተራ መምህር ይሆናልና። ክፍሉ ጉባኤ ይሁን፤ ተማሪው የጻፈውን በጓደኞቹ ፊት በድምፅ ያንብብ። መምህሩም እንደ የኔታ ወግ ገና ያልጨረሰውን የራሱን ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ይዞ ይቅረብ፤ በተማሪዎቹም ይተች።

ይህ የመጨረሻው ለብዙዎች ድፍረት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ተማሪ ከመምህሩ የሚወርሰው ትልቁ ነገር ያለቀለትን መጽሐፍ ማየት አይደለም፤ እርሱን ከመደብር ገዝቶ ያነበዋል። ተማሪው በሌላ ቦታ የማያገኘው፥ ታላቅ የሚለው ሰው አንድን አረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ሰርዞ በስድስተኛው ሲያቃናው ማየት ነው። ይህን ያየ ወጣት የራሱ የመጀመሪያ ጽሕፈት ባያምር ተስፋ አይቈርጥም፤ እንደ ገና ቍጭ ብሎ ይሠራዋል።